የተዝካሩ ቅዳሜ

እሁድ ማታ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። እዚህ ዋሽንግተን ስቴት የሥራ አጥነት ክፍያ ሳምንቱ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ይቆጠራል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ገብተው ጥያቄዎቹን ካልመለሱ ክፍያ የለም።

ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ከወጡት አንዷ ነኝ። ለክፍያው ብቁ ለመሆን ክፍያው በሚሰላበት ዓመት ቢያንስ 680 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል፤ እኔ ያንን በአራት ወር እጨርሰው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት መጠበቂያ ነው፣ አይከፈልም። ጎረቤቴ ቀድማ ስለነገረችኝ አልደነገጥኩም። ሁለተኛው ሳምንት ተከፈለ። ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ነው።

ያ ቅዳሜ የአጎቴ ተዝካር ነበር። ዓርብን ሽንኩርት ስንከትፍ አመሸን፤ ቅዳሜን ሙሉ ቀን እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። እሁድ ማታ ገጹ «በየቀኑ ለመሥራት ብቁና ዝግጁ ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩ። እግዚአብሔር ያያል አልኩና «አልነበርኩም» ብዬ መለስኩ። ገንዘቡ እዚያው ላይ ቆመ። የቤት ኪራይ ደግሞ አይቆምም።

እንደዚያ የመለስኩት ሐቀኛ ስለሆንኩ ብቻ አይመስለኝም። ምጽዋት የምቀበል መስሎኝ ነበር፤ ምጽዋት የሚቀበል ሰው ደግሞ ከተጠየቀው በላይ ይናዘዛል። እናቴም በስልክ «ሳትሠሪ ይከፍሉሻል?» ብላ ማመን አቅቷት ነበር። አይፈረድባትም። አገር ቤት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ የ30 ቀን ደመወዝ ከአሠሪው ይቀበላል፤ በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር አታውቅም። ይህኛው ግን መድን ነው። እኔ አንሶላ ሳጥፍ አሠሪዬ በስሜ ግብር ሲከፍልበት ቆይቷል። ይህን ያወቅኩት ግን ክፍያው ከቆመ በኋላ ነው።

የማጣሪያ ጥያቄዎች መጡ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ተጽፎበታል። ሁለት ቀን ሳላየው ከረመ፤ ያ የራሴ ጥፋት ነው። ከዚያ ከክፍያው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት በአስተርጓሚ ደወለችልኝ። አስተርጓሚው እንደ ድምፁ የጎጃም ሰው ይመስለኛል። «ተዝካር» ስለው ትንሽ ዝም አለና በእንግሊዝኛ ለሴትየዋ «ለሞተ ሰው የሚደረግ ድግስ» ብሎ አስረዳት። እሷም ዝም አለች። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቀጥላ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ያን ቀን ሥራ ተገኘ ቢባሉ ይሄዱ ነበር?

«ሽንኩርቱን ጥዬ እሄድ ነበር» አልኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የቆመው ክፍያ ገባ።

አሁን በልጄ አሮጌ ደብተር ሁሉንም እጽፋለሁ፦ ያመለከትኩበት ሆቴል፣ ቀኑ፣ ያነጋገረኝ ሰው። በሳምንት ቢያንስ ሦስት የሥራ ፍለጋ ያስፈልጋል፤ አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ከአእምሮዬ አላወጣውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ቢሮ አጽድቼ ያገኘሁትንም ገንዘብ መዘገብኩ፣ ግብር ሳይቆረጥ ያለውን ሙሉውን፤ የሚጻፈውም በሠራሁበት ሳምንት እንጂ ቼኩ በሚመጣበት አይደለም። ጎረቤቴ ቼኩ እስኪመጣ ጠብቃ ስትጽፍ «ያለአግባብ የተከፈለዎትን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ለፌደራል ግብር 10 በመቶ እንዲቆረጥልኝም ጠይቄያለሁ፤ ሚያዝያ ላይ ግብር ሲታሰብ ከምደነግጥ ከአሁኑ ይነስ።

ዛሬም ጥያቄው ያው ነው። ረቡዕ የልጄ አስተማሪ ጠርታኝ አንድ ሰዓት ያህል ትምህርት ቤት ቆይቻለሁ። «አዎ» የሚለው ላይ ጣቴ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ተጫንኩት።