ክዊን፣ 6 እና 4፦ የሦስት ካርታ ፖከርን ሒሳብ በሽምብራ እንዴት እንደሠራሁት

የሦስት ካርታ ፖከር ተጫዋቾች በቃላቸው የሚይዙት አንድ ምክር አለ፦ «ክዊን፣ 6 እና 4 ወይም ከዚያ የተሻለ ከያዝክ ቀጥል፤ ካነሰ ጣል።» ለምን 6? ለምን 4? ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነውና ምንጩ ያልታወቀ ቁጥር ሲያጋጥመኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጨዋታውን ያስተማረችኝ በቤተሰባችን ሁላችንም እታለም የምንላት የአክስቴ ልጅ ናት። ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርታ አዳይ ሆና ትሠራለች። ክረምቱን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኛ ቤት ስታሳልፍ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ አብርተን እንጫወት ነበር። መወራረጃችን ለሽሮ የተለቀመ ሽምብራ ነው። ሥራዋ ግን ከእጇ አልወጣም፤ ሽምብራውን አምስት አምስት አድርጋ ትደረድራለች፣ ከጠረጴዛው ስትነሣም መዳፎቿን አጨብጭባ ገልብጣ ታሳያለች። ካሲኖ ውስጥ ከጣሪያው የሚመለከተው ካሜራ እጇ ባዶ መሆኑን እንዲያይ ነው። እኛ ቤት የሚያያት ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሐሳቧ ሽምብራው ላይ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። መግቢያ ውርርድ ታስቀምጣለህ፤ ለአንተም ለአዳይዋም ሦስት ሦስት ካርታ ይታደላል። የራስህን አይተህ ወይ ትጥላለህ፣ መግቢያህም ይወሰዳል፤ ወይ ከመግቢያው እኩል የሆነ ሁለተኛ ውርርድ ጨምረህ ትቀጥላለህ። አዳይዋ ለመወዳደር ቢያንስ ክዊን ሊኖራት ይገባል። ከሌላት መግቢያህ እጥፍ ይሆናል፣ ሁለተኛው ውርርድ ሳይነካ ይመለሳል። ካላትና ካሸነፍካት ሁለቱም ይከፈላሉ፤ ካሸነፈችህ ሁለቱም ይሄዳሉ። በዚህ ላይ ስትሬት (በደረጃ የሚከታተሉ ሦስት ካርታዎች) ወይም ከዚያ በላይ ለያዘ ሰው በመግቢያው ላይ ጉርሻ አለ፤ አዳይዋ ብታሸንፍ እንኳ ይከፈላል። ጨዋታውን በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠረው እንግሊዛዊው ዴሪክ ዌብ ነው። የሚገርመው ይኸው ሰው በኋላ በብሪታኒያ የውርርድ ቤቶች ማሽኖች ላይ ዘመቻ ከፍቶ ታግሏል፤ በ2019 የአንድ ዙር መወራረጃ ጣሪያ ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ ወርዷል።

ኮንከር ሲጫወት ላደገ ሰው እንግዳ የሚሆነው ነገር የእጆቹ፣ ማለትም አንድ ሰው የሚይዛቸው ካርታዎች፣ ደረጃ ነው። በአምስት ካርታ ፖከር ፍላሽ (ሁሉም አንድ ምልክት ያላቸው ካርታዎች) ስትሬትን ይበልጣል፤ እዚህ ግን ስትሬት ፍላሽን ይበልጣል። ምክንያቱ ቆጠራ ብቻ ነው። ከ52 ካርታ ሦስቱን በ22,100 መንገድ ማውጣት ይቻላል። ከእነዚህ 1,096ቱ ፍላሽ፣ 720ዎቹ ስትሬት፣ 52ቱ ሦስት ተመሳሳይ፣ 48ቱ ደግሞ ስትሬት ፍላሽ ናቸው። ጥንድ 3,744 ጊዜ ይመጣል። የቀረው 16,440፣ ማለትም ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል፣ ምንም ጥምረት የሌለው ነው። ስለዚህ ጨዋታው በአብዛኛው የሚወሰነው በባዶ እጆች መካከል ነው፤ የክዊኗ ጥያቄም ክብደት ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ካርታዬን ብጥል የማጣው የታወቀ ነው፤ አንድ ሽምብራ። እንግዲያው መጠየቅ ያለብኝ «አሸንፋለሁ ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ብቀጥል የምከስረው በአማካይ ከአንድ ያንሳል ወይ?» ብዬ ነው። ይህችን ጥያቄ ካስተካከልሁ በኋላ ሌላው የማባዛትና የማካፈል ጉዳይ ሆነ።

አዳይዋ ለውድድር የማትበቃው ካርታዎቿ ሁሉ ከጃክ ያልበለጡና ጥምረት የሌላቸው ሲሆኑ ነው። ከ2 እስከ ጃክ 10 ደረጃዎች አሉ። ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች በ120 መንገድ ይመረጣሉ፤ ስትሬት የሚሆኑት 8ቱ ሲወጡ 112 ይቀራሉ። አራት ምልክቶች ስላሉ እያንዳንዱ ምርጫ በ64 ዓይነት ይመጣል፤ ፍላሽ የሚሆኑት አራቱ ሲቀነሱ 60። 112 በ60 ሲባዛ 6,720 ነው፤ ከጠቅላላው 30.4 በመቶ።

አሁን ለውድድር ከሚበቁት የአዳይዋ እጆች አንዲቱን እንኳ የማያሸንፍ ካርታ ይዤ ብቀጥል በ30.4 በመቶው አንድ አገኛለሁ፣ በ69.6 በመቶው ሁለት አጣለሁ። ሲደመር 1.088 ኪሳራ። ከመጣል የባሰ ነው፤ ግን የባሰው በ0.088 ብቻ ነው። አንዲት የአዳይዋን እጅ ከሽንፈት ወደ ድል ብቀይር ሁለት ከማጣት ሁለት ወደማግኘት ስለምሻገር ለውጡ የአራት ሽምብራ ነው። 0.088 ለ4 ሲካፈል 2.2 በመቶ፤ ይህም ከ22,100 ውስጥ 485 እጅ ገደማ ነው።

ክዊን፣ 6 እና 4 የያዘ ሰው ክዊን ካለባቸው የአዳይዋ እጆች የትኞቹን ይበልጣል? ከክዊኗ ጋር 3ና 2፣ 4ና 2፣ 4ና 3፣ 5ና 2፣ 5ና 3፣ 5ና 4፣ 6ና 2፣ 6ና 3 ያሉባቸውን። ስምንት ናቸው፤ በ60 ሲባዙ 480።

485 ፈልጌ 480 ሳገኝ ሻማው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እኔ ግን ብድግ አልሁ። የጎደለውን የሚሸፍነው እጄ ላይ ያሉት ካርታዎች ለአዳይዋ የማይደርሱ መሆናቸው ነው። እሷ የምትወስደው ከ49 ካርታ፣ በ18,424 መንገድ ነው፤ አንዷ ክዊን እኔ ጋ ስለሆነች የመብቃት ዕድሏ ጥቂት ይቀንሳል። ከስድስቷ ጋር ያለው 4 ወደ 3 ሲወርድ ሚዛኑ ወደ መጣል ያዘነብላል። መብራት ሲመጣ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ አረጋገጥሁት።

እታለም ወረቀቴን አይታ ሳቀች። «ጎበዝ ነህ። ግን ይህ ሁሉ ድካም ስንት ብር እንደሚያወጣ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር። በትክክለኛው ስልት የሚጫወት ሰው ካስቀመጠው መግቢያ ካሲኖው በአማካይ 3.37 በመቶ ይወስዳል። 6ንና 4ን ረስቶ ክዊን ባየ ቁጥር የሚቀጥል ሰው 3.45 በመቶ ያጣል። ልዩነቱ በ100 ዶላር መግቢያ 8 ሳንቲም! ካርታውን ሳያይ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ግን 7.65 በመቶ ይከፍላል። ስለዚህ መጣልን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ እነዚያ 6ና 4 ግን ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው የአእምሮ ሰላም ከመስጠት ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከመግቢያው አጠገብ ፔር ፕላስ የሚባል የጎን ውርርድ አለ፤ አዳይዋ ምንም ትያዝ ምን አንተ ጥንድና ከዚያ በላይ ካገኘህ ይከፍላል። ክፍያው ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ተጽፎ ይገኛል፦ ለጥንድ 1፣ ለፍላሽ 4፣ ለስትሬት 6፣ ለሦስት ተመሳሳይ 30፣ ለስትሬት ፍላሽ 40። በቆጠራችን ብታባዛው ካሲኖው የሚያስቀረው 2.32 በመቶ ነው። በብዙ ጠረጴዛ ላይ ግን የፍላሹ 4 ወደ 3 ወርዷል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ያቺ አንዲት አኃዝ ብቻ ድርሻውን ወደ 7.28 በመቶ ታሳድገዋለች። በ100 ዶላር አምስት ዶላር ገደማ ማለት ነው። እታለም እንደምትለው ተጫዋቾች «ክዊን፣ 6፣ 4» እያሉ ሲያነበንቡ ክንዳቸውን የሚያሳርፉት ያችው 3 ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዤን ለአሸናፊነት ማሰቡን ትቼ ለዋጋ ማስያ አዋልሁት። መግቢያው 10 ዶላር ቢሆንና በሰዓት 40 እጅ ቢታደል 400 ዶላር መግቢያ ይቀመጣል፤ በትክክል ተጫውቶም ቢሆን በአማካይ በሰዓት 13 ዶላር ተኩል ይሄዳል። አንድ ምሽት ሊያተርፍ ይችላል፤ እኔም የእታለምን ሽምብራ አራግፌ የወሰድሁባቸው ምሽቶች ነበሩ። ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ግን አማካዩ ያሸንፋል።

ይህን ስናወራ የጎረቤታችን ልጅ አጠገባችን ነበር። የካሲኖው ነገር ብዙም አልያዘውም፤ ከኪሱ የእግር ኳስ ውርርድ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ የዚህስ ዋጋ ይታወቃል?» አለኝ። ይታወቃል። ለባለሜዳው ድል 2.10፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 3.30 የተሰጠበትን ጨዋታ ወሰድን። አንድን ለእያንዳንዱ ቁጥር አካፍለን ስንደምር 1.092 መጣ። ዕድሎች በትክክል ቢተመኑ ድምሩ 1 መሆን ነበረበት፤ ትርፉ የቤቱ ነው፣ ከ100 ብር 8 ብር ከ40 ገደማ ያስቀራል። የልጁ ወረቀት ግን አምስት ጨዋታ ያያዘ ነበር። ሌሎቹም በዚሁ ልክ ከተተመኑ 0.916ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ 0.645 ይሆናል። ከ100 ብር 35 ብር ከ50 ኳሱ ሳይመታ የቤቱ ሆኗል ማለት ነው።

ልጁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «አራቱን ትቼ አንዱን ብቻ ብይዝስ?»

«ያኔ 8 ብር ከ40 ነው» አልሁት።