እስከ አራት ሰዓት

ከሞምባሳ ከተመለስኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁትም። ልብሴ ባሕር ባሕር ይሸታል፣ ካጠብኩት የሚጠፋብኝ ይመስለኛል። ናይሮቢ ይዘንባል። ትንሿን ልጄን ጉንፋን ይዟታል። ከእህቴ ጋር በስልክ የተነጋገርነው ነገር ደግሞ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እንደውም ስለሱ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ግን እኚያ ቡና ሻጭ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው፣ ፎርት ጂሰስ ከሚባለው የድሮ የፖርቱጋሎች ምሽግ ብዙም አይርቅም። ከሰል ላይ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ጥደው፣ እጀታ በሌላት ሲኒ ጥቁር መራራ ቡና ይቀዳሉ። ስኳር የሚባል ነገር የለም። ጣፋጭ የፈለገ ካሻታ ይገዛል፣ በስኳር የተጋገረ ኮኮናት ወይም ኦቾሎኒ ነው። በየቤቱ ደጅ ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መቀመጫ አለ። እኛ መደብ የምንለው ማለት ነው። ማታ ማታ ወንዶች ናቸው የሚቀመጡበት፣ እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እስከ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?» አልኳቸው በተሰባበረ ስዋሂሊዬ።

«እስከ ሳ ኔ» አሉኝ።

ሳ ኔ ማለት አራት ሰዓት ነው። የምሽቱ አራት ሰዓት፣ ልክ እንደኛ። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነው፣ ጎህ ቀዶ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ይላል። ይህን ድሮም አውቀዋለሁ፣ ናይሮቢም ስዋሂሊ የሚያወራ ሰው እንዲሁ ነው የሚቆጥረው። የእኔ ሥራ ቦታ ግን ቀጠሮ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አሥር ሰዓት ሲሉኝ በልቤ ስድስት እየቀነስኩ ኖሬያለሁ። እኚህ ሰውዬ አራት አሉ፣ እኔም አራት ብዬ ሰማሁ። ምንም አልቀነስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወሬ ጀመርን። አባታቸው የላሙ ደሴት ሰው ናቸው። በእናታቸው በኩል ደግሞ ዘራቸው ከባራዋ ነው፣ ያውም ሶማሊያ ውስጥ። ባለቤታቸው ሚጂኬንዳ ናቸው፣ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከሚኖረው ሕዝብ። «ታዲያ እርስዎ ምንድን ነዎት?» አላልኳቸውም። ማለት ግን ፈልጌ ነበር፣ እሱ እስካሁን ይከነክነኛል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ የተጠየቅኩትንና የጠላሁትን ጥያቄ!

«ስዋሂሊ የሚባል ጎሳ የለም፣ ቋንቋ ብቻ ነው» ያለኝ ሰው አለ፣ እዚሁ ናይሮቢ፣ የተማረ ሰው። ስዋሂሊ የሚለው ስም የመጣው ከዐረብኛው ሳሕል ነው፣ ሲበዛ ሳዋሒል ይሆናል፣ የባሕር ዳርቻዎች ማለት ነው። እሺ፣ ዳርቻው ከየት እስከ የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ሶማሊያ እስከ ሰሜን ሞዛምቢክ ይባላል፣ ዛንዚባርንና ኮሞሮስን ጨምሮ። ግን መስመሩን ያሰመረ የለም። ያሰመረ ሁሉ ለራሱ ብሎ ነው ያሰመረው። እንግሊዞችና ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1886 ተቀምጠው የዛንዚባሩ ሱልጣን ግዛት ከባሕሩ 10 ማይል ወደ ውስጥ ነው ብለው ቆረጡ። ከዚያ የኬንያውን ክፍል እንግሊዞች ለሱልጣኑ በየዓመቱ ኪራይ እየከፈሉ ያስተዳድሩት ነበር፣ የሱልጣኑ ቀይ ባንዲራም እስከ 1963 ፎርት ጂሰስ ላይ ይውለበለብ ነበር። 10 ማይል 16 ኪሎ ሜትር ነው። የአንድ ሕዝብ ማንነት 16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል?

ኬንያ ራሷ በኋላ የባሕር ዳርቻ ክፍለ ሀገር ስትል ታይታና ታቬታን ጨምራ ነበር። ታቬታ እኮ ኪሊማንጃሮ ሥር ነው! ባሕር የት፣ ታቬታ የት።

የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 ሞምባሳ አንድ ሌሊት አድሯል። የጻፈውን ሳነብ ደነገጥኩ። የሞምባሳ ሰዎች እህል አይዘሩም፣ ከሳዋሒል ነው የሚመጣላቸው ይላል። ማለት ሳዋሒል ለሱ ሌላ ቦታ ነው! ዛሬ የስዋሂሊ እምብርት የምንላት ከተማ ያኔ ለጸሐፊው ከዳርቻው ውጭ ነበረች።

ነፋሱም አለ። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ፣ መርከበኞቹን ከዐረብና ከፋርስ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ኩሲ እስኪነሳና እስኪመልሳቸው ወራት ይጠብቃሉ። ወራት የጠበቀ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በዚያ ዳርቻ የተቀበሩ የ80 ሰዎችን የዘር ቅንጣት መርምሮ፣ በእናት ወገን በአብዛኛው አፍሪካዊ፣ በአባት ወገን በብዛት የፋርስ ዘር አግኝቷል። መቀላቀሉም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት የጀመረ ነው። የስዋሂሊ አያቶች ከፋርሷ ከተማ ከሺራዝ መጣን ሲሉ ተረት ነው ይባሉ ነበር። ጥሩ፣ ሙሉ በሙሉ ተረት አልነበረም። እኔን የሚነካኝ ግን የእናቶቹ ነገር ነው። ነፋሱ አባቶችን አመጣ እንበል፣ ልጆቹ የሚያወሩት ግን ባንቱ ቋንቋ ነው፣ የአፍሪካ ቋንቋ። ያ የእናት አፍ ነው። ቤት ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ የተማሩት ነው። ስለ ሱልጣኖቹ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ እነዚያ ሴቶች ግን ስም እንኳ አልቀረልንም።

ስመለስ ባቡር ውስጥ መስኮት ይዤ፣ ዳርቻው የት እንደሚያልቅ አያለሁ ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ተቀመጥኩ። የኮኮናት ዛፎቹ ሳሱ፣ ሙቀቱ ግን ነበር። ቮይ ስንደርስ አፈሩ ቀይ ሆኗል። የት ጋ እንዳለፈ አላየሁትም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴት ናይሮቢ ሃያ ዓመት እንደኖረች ነገረችኝ። ስልክ ሲደወልላት ግን «ወደ ባራ እየሄድኩ ነው» አለች። ባራ ማለት የብሱ፣ ወደ ውስጥ ያለው አገር ነው። ሃያ ዓመት የኖረችበት ቤቷ አሁንም «ወደዚያ» ነው። አነጋገሯን አወቅሁት። እኔም አገር ቤት ስል እንዲሁ ነኝ።

ትናንት ማታ ትንሿን ሳስተኛት፣ ነገ ስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ አልኳት።

«ስድስት ሰዓት ላይ» አለችኝ።

በአማርኛ ነው ያለችኝ። ጥርት ባለ አማርኛ። በአማርኛ ግን ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው፣ በስዋሂሊም እንደዚያው። አሥራ ሁለት ማለት ነበረባት። ብርድ ልብሷን አስተካክዬ እሺ አልኳትና መብራቱን አጠፋሁ። አላረምኳትም። ለምን አላረምኳትም?