በደቻቱ አሸዋ ላይ ሜትዮራይትን መለየት እንዴት እንደተማርኩ

በሐረርጌ ጉርሱም እ.ኤ.አ. በ1981 የወደቀው፣ ከ34 ኪሎ ግራም የሚበልጠው ሜትዮራይት (ከጠፈር ወደ ምድር የሚወድቅ ድንጋይ ወይም ብረት) በኤች 4/5 ምድብ መመዝገቡን ሳነብ፣ ፊደሉና ቁጥሩ ምን እንደሚናገሩ ለማወቅ ጓጓሁ። ንባብ ብቻ ስላልበቃኝ ድሬዳዋ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጥቁርና ከበድ ያሉ ድንጋዮችን ለቅሜ መመርመር ጀመርኩ።

ማግኔት ብቻውን እንደማይፈርድ ቶሎ ተረዳሁ፤ ባዛልት የተባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይም ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለበት ይሳባል። እንዲያውም ኃይለኛ ማግኔት በሜትዮራይት ውስጥ ተጠብቆ የቆየውን ጥንታዊ መግነጢሳዊ አሻራ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ኮምፓስ አስጠግቶ የመርፌውን እንቅስቃሴ ማየት ይመረጣል። ቀጥሎ ድንጋዮቹን ባልተቀባው የሴራሚክ ንጣፍ ጀርባ ላይ ፈገፈግኋቸው፤ ቀይ ቡናማ መስመር ያሰመረው ሄማታይት የተባለ ሌላ የብረት ማዕድን፣ ጥቁር ያሰመረው ማግኔታይት ሊሆን ስለሚችል ለየኋቸው። በአረፋ ቀዳዳ የተሞሉትንም ተውኩ፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መለያ ሲሆን በሜትዮራይት ላይ እምብዛም አይታይም። የቀሩትን ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ሞርጄ የሚያብረቀርቅ ብረት ፈለግሁ፤ በአንዳቸውም ላይ አላገኘሁም።

ይህ ብረት ለምን ወሳኝ እንደሆነ የገባኝ አመዳደቡን ሳጠና ነው። ሜትዮራይቶች በጥቅሉ ድንጋያማ፣ ብረታማ እና ድንጋይና ብረት የተቀላቀለባቸው ተብለው ይከፈላሉ። በዓይን እየታዩ ከወደቁት አብዛኞቹ ድንጋያማ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ኮንድራይት የሚባሉት ይበዛሉ። ኮንድራይቶች ከ4.5 ቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ ፀሐይና ፕላኔቶች ሲፈጠሩ ቀልጠው የረጉ ኮንድሩል የተባሉ ጥቃቅን እንክብሎችን ይዘዋል፤ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ነገር ጉርሱም ላይ መውደቁ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ኮንድሩል የሌላቸው አኮንድራይቶች ግን ከቀለጡ የሰማይ አካላት የመጡ ናቸው፤ ጥቂቶቹም ከጨረቃና ከማርስ የተነሡ ናቸው። ብረታማዎቹ የብረትና የኒኬል ውህድ ሲሆኑ፣ በጎረቤታችን ሶማሊያ የተገኘው፣ 15 ቶን ገደማ የሚመዝነው የኤል አሊ ሜትዮራይት ከዚህ ወገን ነው። ከድንጋይና ብረት ቅልቅሎቹ አንዱ የሆነው ፓላሳይት ደግሞ ኦሊቪን የተባለ ማዕድን ክሪስታሎች በብረት ውስጥ የተቀበሩበት ነው።

የጉርሱሙ ኤች ከፍተኛ የብረት መጠን ያለውን የኮንድራይት ቡድን ያመለክታል፤ 4/5 ደግሞ ድንጋዩ በተወለደበት የሰማይ አካል ውስጥ ምን ያህል በሙቀት እንደተለወጠ ይናገራል። ፊደሉ የሚወሰነው በተለይ በኦሊቪን ውስጥ ያለው ብረት በቤተ ሙከራ ተለክቶ፣ ቁጥሩም ስስ ቅንጣቢው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ስለሆነ፣ አሁን አጠራጣሪ ድንጋይ ሳገኝ ከማንሣቴ በፊት ፎቶውንና ቦታውን እመዘግባለሁ፤ ማግኔት አላስጠጋውም፣ በውኃም አላጥበውም።