የገራልታ ድንጋይ ራሱ ታሪክ አለው

ትግራይ ገራልታ ሄዶ የመጣ ሰው ሁሉ ገደል ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለውን የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተክርስቲያን እንዴት እንደወጣ፣ በባዶ እግሩ ገደሉን እንዴት እንደተሻገረ፣ ውስጥ ያሉት ስዕሎች እንዴት እንደሚያምሩ ሲያወራ ይውላል፣ እውነትም የሚወራ ነው። ግን ስለ ድንጋዩ የሚያወራ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ያ ቀይ ገደል ከየት መጣ? ምን ሆኖ ነው እንደዛ ቀጥ ብሎ የቆመው? ለምንስ ሰው በመሮ ሊፈለፍለው ቻለ? እኔ በበኩሌ ድንጋዩን ሳላውቅ ቤተክርስቲያኖቹን አውቃለሁ ማለት ይከብደኛል።

ጂኦሎጂስቶች የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ በ1860 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1868) በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አጼ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ አብሮ መጥቶ ሰራዊቱ በሄደበት መንገድ ሁሉ ድንጋይ ያጠና ነበር። እና ያወጣቸውን ስሞች እዩዋቸው፣ ዓዲግራት፣ አንታሎ፣ ሐሸንጌ፣ መቅደላ፣ ሰራዊቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሄደበት መንገድ ነው ማለት ነው፣ ግን ደግሞ የድንጋዮቹም የዕድሜ ቅደም ተከተል ነው! ከታች አሸዋ ድንጋይ፣ ከሱ በላይ የኖራ ድንጋይ፣ ከዛ በላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

ከአሸዋ ድንጋዩም በታች ሌላ ዓለም አለ። ከስር ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው፣ ተጨምቆና ተጋግሎ የተጣጠፈው ጥንታዊ ድንጋይ ነው፣ ከሱ በላይ አንዳንድ ቦታ ላይ እንጢጮና እዳጋ ዓርቢ በሚባሉት አካባቢዎች ስም የሚጠሩ ንብርብሮች ታገኛላችሁ፣ እነዚህ የበረዶ ግግር ጥሏቸው የሄደ ናቸው። አዎ ትግራይ በረዶ ስር ነበረች፣ ያኔ አፍሪካ ከደቡብ አሜሪካ፣ ከህንድና ከአንታርክቲካ ጋር አንድ አህጉር ሆና ወደ ደቡብ ዋልታ ተጠግታ ስለነበር ነው። በረዶው ከሄደ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት በትራያሲክና በጁራሲክ ዘመን ማለት ነው፣ ወንዞች አሸዋ እያመጡ እያመጡ ሜዳውን ሞሉት፣ በኋላ ደግሞ ባህር ከደቡብ ምስራቅ በኩል ገብቶ ሁሉንም ሸፈነው፣ የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ የዛ ባህር ነው።

ወንዞቹን ማመን ካቃታችሁ ገደሉ ጋ ጠጋ በሉና አንድ ንብርብር ብቻ መርጣችሁ እዩ። ንብርብሩ ራሱ አግድም ነው፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ግን ያዘነብላሉ፣ ከላይ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ንብርብር ቁርጥ ያደርጋቸዋል። ያ ማለት ውሃው አሸዋውን እየገፋ በአሸዋው ክምር ተዳፋት በኩል ሲያፈሰው የቀረ ምልክት ነው፣ መስመሮቹ ወደ ታች የሚያዘነብሉበት አቅጣጫ ውሃው ይሄድ የነበረበት አቅጣጫ ነው። በእጃችሁ ስትነኩት መዳፋችሁ ላይ አሸዋ ይቀራል፣ አንዳንድ ቦታ ነጫጭ የኳርትዝ ጠጠሮችም ተሰክተው ይታያሉ። ቀይ ያደረገው ደግሞ ብረት ነው፣ እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት በስሱ ዝገት ተቀብታለች፣ ለዛ ነው ፀሐይ ስትጠልቅ ገደሉ እሳት የሚመስለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይሄ ድንጋይ ውስጥ ቅንጣቶቹን እንደ ሲሚንቶ የሚያያይዘው ነገር ትንሽ ነው፣ በብረትና በሲሊካ (ኳርትዝ የተሰራበት ነገር) ተያይዘው በመሃላቸው ክፍተት አለ። ስለዚ በመሮ ስትመታው ቅንጣት በቅንጣት ይለቃል፣ ግን ወፍራም ንብርብር ስለሆነ ጣሪያው ቶሎ አይወርድም፣ ሰፊ አዳራሽ ከነ አምዱ መፈልፈል ይቻላል፣ እዛው ገራልታ ማርያም ቆርቆር ቤተክርስቲያን የገባ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ላሊበላ ሌላ ነው፣ እሱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ሲያወሩ አዝናለሁ ምክንያቱም የጠራቢዎቹም ሥራ በየድንጋዩ ይለያያል። ገደሉ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ስለተሰነጠቀ ነው፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ያሰፋዋል፣ ከስር ያለው ሲበላ ከላይ ያለው በስንጥቁ ልክ ተገምሶ ይወድቃል፣ የሚቀረው ግድግዳና ማማ ነው። ያው ስንጥቅና ያው ክፍተት ግን ስዕሎቹንም ይጎዳል፣ የክረምት ውሃ በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ጨው ይዞ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ቀለሙ እየተላጠ ይረግፋል። ስለ ቅርስ ጥበቃ ሲወራ ስለ ጎብኚ እጅና ስለ ጧፍ ጭስ ብቻ ሲነሳ እሰማለሁ፣ ከላይ ከተራራው ጫፍ የሚወርደው ውሃ በየት በኩል እንደሚገባ ማጥናትና ቦይ ማስያዝ ግን እኩል መነሳት አለበት ባይ ነኝ፣ በጣም ነው የሚያሳስበኝ።

ደግሞ ይሄ ድንጋይ የትግራይ ብቻ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ ዓባይ በረሃ ታች ድልድዩ አካባቢ ቀላ ያለ ገደል አለ አይደል፣ እሱም ያው የዓዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፣ ጂፕሰሙና የኖራ ድንጋዩ ከላዩ ተደርቦ፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ወደ ኦጋዴን ስትሄዱ መሬት ውስጥ በጣም ጠልቆ ይገባል፣ እዛው ካሉብ የሚባል ቦታ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘባቸው ንብርብሮች አንዱ እሱ ነው፣ ገራልታ ላይ መሮ ያስገባው በቅንጣቶቹ መሃል ያለው ክፍተት እዛ ጋዝ ይዞ ተቀምጧል።