ካርታ መጣል የተማርኩበት ዓመት

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ እናቴ ቤት ሳሎን ተቀምጬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ወደምጫወትበት ገጽ ገባሁ። ገጹ ከምኖርበት የአሜሪካ ግዛት፣ ከኒው ጀርሲ፣ ወሰን ውጪ መሆኔን ነግሮ ከለከለኝ። ያስቀመጥኩት ገንዘብ ይታየኛል፤ መጫወት ግን አልችልም። አጠገቤ የነበረው የሃያ ሦስት ዓመቱ የአጎቴ ልጅ «አያ፣ ቪፒኤን ልጫንልህ?» አለኝ፤ ያለህበትን ቦታ ደብቆ ሌላ ቦታ ያለህ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። እንዳይነካው ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የጀመርነው ወግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀጠለ። እዚህ የምጽፈው ለእሱ የነገርኩትን ነው።

በኒው ጀርሲ ፖከርን በኢንተርኔት በእውነተኛ ገንዘብ መጫወት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ፈቃዱ የሚሠራው ግን ተጫዋቹ በአካል እዚያው ሲሆን ብቻ ነው፤ ገጹ ያለህበትን ቦታ ሳያረጋግጥ አያስገባህም። ዕድሜህም 21 መሙላት አለበት። ቦታውን አታልሎ የገባ ሰው ሲደረስበት ሂሳቡ ይዘጋል፤ ያሸነፈውንም ሊያጣ ይችላል። ፈቃድ የሌለው ገጽ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ገንዘብህን ቢከለክልህ አቤት የምትልበት ደጅ የለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የፖከር ገጾች በአንድ ቀን ሲያግድ፣ ከእነርሱ በአንዱ ገንዘብ ያስቀመጡ አሜሪካውያን ገንዘባቸውን መልሰው ማግኘት የጀመሩት በ2014 ነበር። ስለዚህ ከማንኛውም የጨዋታ ብልሃት በፊት የማስቀድመው የፈቃዱን ነገር ነው።

እኔ የጀመርኩት በሃምሳ ዶላር ነው። ከቤት ኪራይም፣ ለእናቴ ከምልከውም የማይነካ፣ ቢጠፋ የማላለቅስለት ገንዘብ ነበር። የመረጥኩት ጠረጴዛ የግዴታ መደቡ፣ ማለትም በየዙሩ ሁለት ተጫዋቾች ካርታቸውን ሳያዩ የሚያስቀምጡት ገንዘብ፣ አንድና ሁለት ሳንቲም የሆነውን ነው። እዚያ ሙሉ ገንዘብ ይዞ ለመቀመጥ ሁለት ዶላር ይበቃል፤ ስለዚህ ሃምሳው ዶላር ሃያ አምስት ጊዜ ያስቀምጠኛል። ጎበዝ ተጫዋችም ቢሆን ለቀናት ተከታትሎ ይሸነፋልና ይህ ስንቅ የግድ ያስፈልጋል።

የምጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል፤ አምስት የጋራ ካርታዎች ደግሞ መሐል ላይ በየተራ ይገለጣሉ። ደንቡን በአንድ ማታ ትይዘዋለህ። ለወራት ያስቸገረኝ የደረሱኝን ሁለት ካርታዎች ሳልጫወት መጣል፣ ማለትም ገንዘብ ሳልጨምር ከዙሩ መውጣት ነበር። በልጅነታችን ደሴ ኮንከር ስንጫወት የታደለንን ካርታ ይዘን እስከ መጨረሻው እንታገላለን፤ ፖከር ላይም ያንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። ጥንድ፣ ማለትም ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ካርታ የሚደርሰው ከአሥራ ሰባት ጊዜ አንዴ ነው፤ ሁለት አስ ደግሞ ከ221 ጊዜ አንዴ። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች በመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች አቻ የሚያገኙት ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ ነው። ሌሎቹን ጊዜያት ምንም ሳትይዝ ትከፍላለህ ማለት ነው። ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ገጽም መሐል ላይ ከተጠራቀመው መደብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት በመቶ ያህል፣ ለራሱ ይወስዳል። እኩል ችሎታ ያላቸው ስድስት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ በመጨረሻ የስድስቱ ገንዘብ ሲደመር ቀንሶ ይገኛል።

በአራተኛው ወር ሃምሳዋ ሰማንያ ሆነች። እውቀት ያገኘሁ መሰለኝ። አንድ ሌሊት ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ በካርድ ሁለት መቶ ዶላር ጨመርኩና መቶ ዶላር ይዘው የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች ነበሩኝ፤ አምስተኛው ከመጣ አሸንፋለሁ። ሊገለጥ የቀረው አንድ ካርታ ብቻ ነው። መሐል ላይ አርባ ዶላር አለ፤ ተጋጣሚዬ አርባ ጨመረ። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙኝ ዘጠኝ ናቸው፤ ከአምስት ጊዜ አንዴ እንደማለት ነው። ሰማንያ ለማግኘት አርባ መክፈል የሚያዋጣው ግን ቢያንስ ከሦስት አንዴ የሚያሸንፍን ሰው ነው። ይህን ስሌት አውቀው ነበር። ሆኖም ከፈልኩ፤ ካርታው አልመጣም። ቀሪውን በንዴት ጨረስኩት፤ ሁለተኛውንም መቶ እንዲሁ። ሁሉም ያለቀው በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ለረጅም ጊዜ «ካርታው ቢመጣ ኖሮ» እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ቆይቶ የገባኝ፣ ካርታው ቢመጣም ክፍያው ስህተት እንደነበር ነው። ይህን ስረዳ የማልችለውን ዕድል ትቼ የምችለውን ውሳኔ መመዝገብ ጀመርኩ። በየማታው በአንድ ደብተር ላይ የከበዱኝን ሁለትና ሦስት ውሳኔዎች እጽፋለሁ፤ ማሸነፍ መሸነፌን አልጽፍም። ገንዘቡን በጨረስኩበት ሌሊት ማግስት ደግሞ ገጹ ላይ የሳምንት ገደብ አስቀምጬ ነበር፤ ከሃያ ዶላር በላይ ልጨምር ብል ራሱ ይከለክለኛል። ፈቃድ ያላቸው ገጾች ይህን ገደብ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ራስን ጨርሶ ማሳገድም ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ሰው ሳያፍር ይጠቀምበት።

እናቴ ቶናውን እየቀዳች ስታዳምጠን ቆየችና «ልጄ፣ ይኼ ቁማር ነው?» አለችኝ። ልዋሻት አልፈለግሁም። «አዎ እማ፣ ቁማር ነው» አልኳት። በእኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቁማርን እኩል ይጠላል፤ ሱቁን በካርታ ያስበላ ሰው ታሪክም እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ስንት እንደማስቀምጥ ነገርኳት፤ ደብተሩንም አሳየኋት። አልተደሰተችም፤ እኔም ትደሰት ዘንድ አልጠበቅሁም። ከቤተሰብ የሚደበቅ ገንዘብ ይዞ የሚጫወት ሰው ግን፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ዛሬውኑ ቢያቆም እመክራለሁ።

ለአጎቴ ልጅም በገንዘብ እንዲጀምር አልነገርኩትም። ከፒያሳ አንድ ካርታ ገዛሁ፤ ሁለት ጓደኞቹን ጠራ፤ ለእያንዳንዳችን መቶ መቶ ፍሬ ሽምብራ ቆጠርን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማታዎች የደረሰውን ሁሉ እየተጫወተ ሽምብራውን ጨረሰ። «አብሽር» እያልኩ እንደገና ቆጠርኩለት። ቀድሞ የሚናገር ሰው፣ ማለትም ልክፈል ወይስ ልጣል የሚለውን መጀመሪያ የሚወስን፣ የሌሎቹን ሐሳብ ሳያይ ስለሚወስን፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲሆን ይበልጥ እንዲመርጥ ደጋግሜ አሳየሁት። ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ልወርድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ቀድሞ በሚናገርበት ቦታ አስና ሰባት ደረሰው። ካርታዎቹን ለጥቂት ጊዜ አያቸው። ከዚያ ምንም ሳይጠይቀኝ ገልብጦ አስቀመጣቸውና ስኒውን አነሳ።