የመሬት ያልሆነው ሊዝ

ናንጂንግ የደረስኩት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ሻንጋይ ለሥራ ሄጄ ሁለት ቀን ተረፈኝና 300 ኪሎ ሜትሩን በፈጣኑ ባቡር መጣሁት። የአክስቴ ልጅ እዚሁ የውሃ ምህንድስና ይማራል። ጣቢያው መውጫ ላይ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እውነትህን ለግጥም ብለህ ነው የመጣኸው?» አለኝ ገና ሳንሳሳም። «ሰው እኮ ቻይና የሚመጣው ለዕቃ ነው።»

ለግጥም ነው። ከ420 እስከ 589 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ደቡብ ቻይናን ሶንግ፣ ቺ፣ ልያንግና ቸን የተባሉ አራት ሥርወ መንግሥታት እየተፈራረቁ ገዝተዋል። የሁሉም መቀመጫ ይህ ከተማ ነበር፤ ያኔ ጂየንካንግ ይሉታል። ነገሥታቱ ይገጥማሉ፣ መሳፍንቱ ይገጥማሉ፣ ሹመት የፈለገም ይገጥማል። እኔ ያንን ዘመን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ስለሆነ ግጥሙ የተባለበትን ቦታ በእግሬ መርገጥ አማረኝ።

ከምድር ባቡር ወጥተን ወደ ጂሚንግ ገዳም የሚወስደውን ዳገት ሳንጀምር፣ አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር በትልቅ ብረት ድስት ጥቁር አሸዋ ሲያገላብጡ አየን። አሸዋው ውስጥ አውራ ጣት የሚያክል፣ ቡናማ፣ ዘይት እንደተቀባ የሚያብረቀርቅ ፍሬ አለ። የተቃጠለ ስኳር ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«ምንድን ነው?»

«ሊዝ።»

«የመሬት?»

ልጁ ሳቀና አንድ ከረጢት ገዛ። ፈረንጆቹ ቼስትነት የሚሉት ፍሬ ነው። ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫኑት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ውስጡ ቢጫ ነው፤ እንደ ስኳር ድንች ደረቅ ብሎ ይጣፍጣል፤ ከላዩ ላይ የሚጣበቀው ስስ ቆዳ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። አሮጊቷ የፍሬውን ስም ሲጠሩ «ሊ»ን እንደ ልጁ አልሳቡትም፤ ጉሮሯቸው ላይ ቀጭ አድርገው ቆረጡት። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «የናንጂንግ ሽማግሌዎች እንዲህ ነው የሚናገሩት። እኛ የተማርነው የቤጂንጉን ነው፤ እዚያ ይሄ የለም» አለኝ።

ይህ ቁርጥ ያለ ድምፅ የዛሬ 1500 ዓመት የግጥም ጉዳይ ነበር፤ ያውም እዚሁ ኮረብታ ላይ።

በ487 የቺ ልዑል ሺያው ዝልያንግ ምዕራባዊ የሚባለውን ቤቱን ወደዚህ ኮረብታ አዛወረና አዋቂ የተባለውን ሁሉ ሰበሰበ። ከመጡት መካከል ስምንቱ በልዑሉ የማዕረግ ስም «የጂንግሊንግ ስምንቱ ባልንጀሮች» ተባሉ። ሦስቱን ልጥቀስ። አንዱ ሺየ ቲያው ነው፤ «ደቡብ የውበት አገር፣ ጂንሊንግ የነገሥታት ከተማ» የሚለው ስንኝ የእሱ ነው። ጂንሊንግ የናንጂንግ የጥንት ስም ነው። ከተማዋ እስከ ዛሬ የምትኮራበት ይህ ስንኝ በልዑል ትእዛዝ ለሰልፍ ሙዚቃ የተጻፈ መዝሙር ነበር፤ ገጣሚው ግን በ499 እዚያው በሚያወድሳት ከተማ እስር ቤት ሞተ። ሁለተኛው ሸን ዩዌ ነው፤ ከሁሉም ታላቅ። ሦስተኛው ሺያው ያን የሚባል ወጣት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሸን ዩዌና ጓደኞቹ ቋንቋቸው አራት ዓይነት የድምፅ አወጣጥ እንዳለው ለዩ፦ የረጋ፣ የሚወጣ፣ የሚሄድና ቀጭ ብሎ የሚቆረጥ። እኛ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ እንደሆነ ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን፤ ቁጠሩ ስንባል ነው የሚጨንቀን። እነሱም እንደዚያው ነበሩ። ሸን ዩዌ ቆጠረ። በአንድ ስንኝ ውስጥ የትኛው ድምፅ ከየትኛው አጠገብ ቢቀመጥ ጆሮ እንደሚጎዳ ሕግ አወጣ፤ ከጥንት ጀምሮ ማንም ያላየው ምስጢር ነው ብሎም ፎከረ። ትንሽ ትዕቢት አለበት፤ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የታንግ ሥርወ መንግሥት ገጣሚዎች የቆሙት በዚያ መሠረት ላይ ነው።

ወጣቱ ሺያው ያን በ502 ዙፋን ላይ ወጣ። የልያንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች፣ ንጉሠ ነገሥት ዉ የሚባለው እሱ ነው። ንገሥ ብለው ከገፋፉት አንዱ ሸን ዩዌ ነበር።

አንድ ቀን ንጉሡ ጆው ሸ የተባለ ባለሟሉን «እነዚህ አራት ድምፆች የሚሏቸው ምንድን ናቸው?» አለው። ሰውየው «ቲየን ዝ ሸንግ ጀ» ብሎ መለሰ። የሰማይ ልጅ (ንጉሡ መሆኑ ነው) ቅዱስና ጥበበኛ ነው ማለት ነው፤ አራቱ ቃላት በተራቸው አራቱ ድምፆች ናቸው። ትምህርትና ውዳሴ በአንድ ትንፋሽ! ዜና መዋዕሉ ንጉሡ ያም ሆኖ ሕጉን አልተጠቀመበትም ይላል። የወጣትነት ባልንጀራው ያወጣው ሕግ መሆኑን ሳስብ ነገሩ የጆሮ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

ገዳሙ በር ላይ ቲኬት ስንቆርጥ ሦስት ሦስት እንጨት ዕጣን ሰጡን። እኔ በእጄ እንደያዝኩ ከግንቡ ባሻገር የሹዋንዉን ሐይቅ እያየሁ ለልጁ የጄኔራሉን ታሪክ ነገርኩት። በ507 ጻው ጂንግዞንግ የሰሜኑን ጦር ድል አድርጎ ሲመለስ ንጉሡ ግብዣ አደረገለት። የጨዋታው ደንብ እንዲህ ነው፤ ቤት የሚመቱ ቃላት ይታደላሉ፣ እያንዳንዱ በደረሰው ቃል ይገጥማል። አዳዩ ሸን ዩዌ ነው። ለጄኔራሉ አልሰጠውም፤ ወታደር ምን ያውቃል ብሎ ይሆናል። ጄኔራሉ ቅር አለው። ንጉሡ «አንተ ሌላ ብዙ ችሎታ አለህ፤ ለአንድ ግጥም ምን ያስጨንቅሃል?» ቢለው ጠጥቶ ነበርና ሙጭጭ አለ። የተረፉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፦ «መፎካከር» እና «በሽታ»። በነዚህ ምን ይገጠማል? ብሩሹን አነሣና ጻፈ፦

ስንወጣ ልጆች አዘኑ፤
ስንገባ እምቢልታና ከበሮ ተፎካከሩ።
መንገደኛ፣ እስቲ ልጠይቅህ፣
ከሁዎ ቹቢንግ ማን ይበልጣል?

ሁዎ ቹቢንግ የጥንቱ የሃን ዘመን ጀግና ነው። የስሙ መጨረሻ «ቢንግ» በሽታ ማለት ነው፤ ቹቢንግ ሲባል «በሽታን አርቅ» እንደማለት። ቃሉን በስም ውስጥ ደብቆ አስገባው። ንጉሡ ማድነቁን ሊያቆም አልቻለም፤ ሊቃውንቱ ቀኑን ሙሉ ተገርመው ዋሉ። የአክስቴ ልጅም «ይሄስ ሰምና ወርቅ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ሊዙ መጣ።

ዩጆው ከሚባል አውራጃ ወርዱ አንድ ተኩል ኢንች ያህል የሆነ ሊዝ ለንጉሡ ተላከ። ንጉሡ ተደነቀና «ስለ ሊዝ በመጻሕፍት ስንት ነገር ተጽፏል?» ብሎ ሸን ዩዌን ጠየቀው። ሁለቱም የሚያስታውሱትን ለየብቻ ጻፉ። ሲቆጠር የሸን ዩዌ ከንጉሡ በሦስት አነሰ። ሽማግሌው ከአዳራሹ እንደወጣ ለሰዎች «ሰውየው መቀደም አይወድም፤ ባልለቅለት ኖሮ በኀፍረት ይሞት ነበር» አላቸው። ወሬው ንጉሡ ጆሮ ገባ። ንጉሡ ሊቀጣው ተነሣ፤ ሹ ሚየን የተባለ መኰንን አጥብቆ ስለለመነ ብቻ ተወው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ሦስቱን መተዉ አይደለም። ቤተ መንግሥት ለኖረ ሰው ያ ቀላሉ ነው። የሚከነክነኝ ምላሱን ደጅ ላይ መያዝ አለመቻሉ ነው። በአንድ ልዑል ቤት፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ አብረው የገጠሙ ሰዎች ናቸው፤ አሁን አንደኛው እያወቀ መሸነፍ አለበት። ተሸነፈ። ግን ለአንድ ሰው እንኳ ሆን ብዬ ነው ሳልል አልሙት አለ።

ሲርበን የገዳሙ ምግብ ቤት ገባን። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፤ እንጉዳይና ቶፉ የተደረገበት ፓስታ መሰል ነገር በትኩስ መረቅ። ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ ቡድሃዎቹ ጾሜን ጠበቁልኝ። ንጉሠ ነገሥት ዉም ቢሆን ሥጋ የተወ፣ በቀን አንዴ የሚበላ፣ መነኮሳትን ሥጋና መጠጥ የከለከለ ሰው ነበር። በ527 እዚሁ አካባቢ ቶንግታይ የተባለ ታላቅ ገዳም ሠራ፤ የዛሬው ጂሚንግ የዚያ ወራሽ ነው ይባላል። ከአንዴም ሁለቴ ዘውዱን ጥሎ ራሱን ለገዳሙ አገልጋይ አድርጎ ሰጠ፤ መኳንንቱም በመንግሥት ገንዘብ ዋጅተው መለሱት። በመጨረሻ ሆው ጂንግ የሚባል ከሰሜን ከድቶ የመጣ ጦረኛ በ548 ከተማዋን ከበባትና በማግሥቱ ዓመት ቤተ መንግሥቱን ያዘ። የ85 ዓመቱ ሽማግሌ ምግብ ተነፍጎ ተኛ። አፉ መረረውና ማር ለመነ፤ የሚሰጠው አጣ። «ሆ! ሆ!» ብሎ ሞተ።

መረቄ በረደ። ልጁ «ብላ እንጂ ጋሼ» አለኝ።

የንጉሡ ልጅ ሺያው ጋንግ «የቤተ መንግሥት ስልት» የሚባለው ግጥም ዋና ጌታ ነው። መስተዋት፣ ሻማ፣ የሴት ልብስ፤ ጥቃቅን ነገር በቅርብ የሚታይበት ግጥም። ቀን ላይ ስለተኛች ሚስቱ በገጠመው ውስጥ የሰሌኑ ጥልፍ ነጭ አንጓዋ ላይ ታትሞ ይታያል። የኋላ ዘመን ሊቃውንት አገር ያጠፋው ይህ ልፍስፍስ ግጥም ነው እያሉ ለብዙ መቶ ዓመት ወቀሱት። እኔ አይዋጥልኝም፤ ጦሩ የተሸነፈው ሰሌን ስለተገጠመለት አይደለም። ሰውየው ለልጁ «ሰው ጠባዩ ጥንቁቅ፣ ጽሑፉ ግን ልቅ ይሁን» ብሎ የጻፈ ነው፤ ሁለቱን መለየት ያውቃል። ሆው ጂንግ ለስሙ አንግሦ አሰረው። ወረቀት ሲከለክሉት ግድግዳውና ሳንቃው ላይ ይጽፍ ነበር፤ በ551 ገደሉት።

ከኮረብታው ሳንወርድ የሩዡን ጉድጓድ አየነው። በኋላ ዘመን ለመታሰቢያ የተሠራ ነው፤ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። በ589 የሰሜኑ የስዊ ሥርወ መንግሥት ጦር ሲገባ የመጨረሻው የቸን ንጉሥ ቸን ሹባው፣ እሱም ገጣሚ፣ ከሁለት ዕቁባቶቹ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ተደበቀ። ወታደሮቹ ገመድ ቢጥሉ ክብደቱ አስደነገጣቸው፤ ሲስቡት ሦስቱም አንድ ላይ ወጡ። ከዚህ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም።

ማታ ቺንኋይ ወንዝ ዳር ወረድን። ፋኖስ፣ ጀልባ፣ ግፊያ። እግሬ ስላለቀ ልጁ ሸንኮራ ጭማቂ ገዛልኝ፤ የማሽኑን ጩኸት ስሰማ ዩ ሺን ትዝ አለኝ። በዚህ ወንዝ ላይ የቀይ ወፍ ድልድይን ጠብቅ ተብሎ የታዘዘ የቤተ መንግሥት ገጣሚ ነበር። የሆው ጂንግ ሰዎች ፊታቸውን በብረት ሸፍነው ሲመጡ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሸንኮራ እየበላ ነበር። አንድ ቀስት የበሩን መቃን ሲመታ ሸንኮራው ከእጁ ወደቀ፤ ሰውየውም ጦሩን ጥሎ ሮጠ። በ554 መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሰሜን ቢላክ አገሩ ከኋላው ፈረሰበት። ሰሜኖቹ ሌሎቹን ሲለቁ እሱን አልለቀቁትም፤ ብዕሩን ወደውታል። በ581 እዚያው እስኪሞት ለደቡቡ አገሩ ረጅም ሙሾ ጻፈ። ያ ሙሾ ዛሬም ይነበባል። ሸንኮራውም ይኸው በኔ አፍ ላይ ተነሣ።

ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ልጁ ከረጢቱን ከፍቶ የቀረውን ሊዝ ሰጠኝ።

«ያ የሊዙ ሰውዬ ግን ምን ሆነ?»

«በ513 ሞተ። ሹማምንቱ ከሞተ በኋላ የሚጠራበት ስም ‹ወን› ይሁን አሉ፤ ሥነ ጽሑፍ ማለት ነው። ለሱ ያልተገባ ለማን ይገባል? ንጉሡ እምቢ አለ። ‹የልቡን ሁሉ ያላወጣ ‹ዪን› ይባላል› ብሎ ቀየረው። የተደበቀ።»

ስልኩን አወጣና ጻፈው። ፊደሉን አተኩሮ አየ።

«ጋሼ፣ ይቺንማ አውቃታለሁ» አለ። «እያንዳንዱ አፕ ላይ አለች። ‹ፕራይቬሲ› የሚለው ጋ የምትጻፈው የመጀመሪያዋ ፊደል ናት።»

የምንወርድበት ጣቢያ ደርሶ ነበር። ቅርፊቱን ኪሴ ከትቼ ተከተልኩት።