የናፈቃቸው ሽታው ነው

የልብ ሕሙማን በሚከታተሉበት ክፍል ስለ ቅባት ምክር መስጠት ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬን ያዝኩ። የተሳካልኝንም ያበላሸሁትንም ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አትቁጠሩብኝ። የተከለከሉ ምግቦችን ዝርዝር በወረቀት እሰጣለሁ፤ ቅቤ፣ ክትፎ፣ ጮማ፣ የሚረጋ ዘይት። ታካሚው «እሺ ሲስተር» ብሎ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። በቀጠሮው ሲመለስ ወረቀቱ እዚያው ኪሱ ውስጥ ነው።

ከዚያ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ዘይት ያበዛሉ?» ካልኩ መልሱ «ኧረ ትንሽ ነው» ነው። አሁን የምጠይቀው «አምስት ሊትሩ ስንት ቀን ይቆያችኋል?» ብዬ ነው። አንድ አባት «አንድ ወር» አሉኝ። ቤተሰቡ አራት ነው። አብረን ስናሰላው ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር አለፈ፤ ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አላት። ቅቤው ገና አልተቆጠረም። ሰውየው ዝም አሉ።

ጾሙም ሌላ ጣጣ ነው። «ጾመኛ ነኝ፣ ቅባት አልነካም» ይሉኛል፤ ሽሮው አናት ላይ ግን ዘይቱ ተንሳፍፏል። ጀሪካኑ ላይ ደግሞ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተጽፏል። ውሸት አይደለም፣ የአትክልት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም። ግን የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። የሱፍ ዘይት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ካሎሪው ግን ያው ስለሆነ እሱም ይለካል።

ነገሩ የተቀየረው ወጥ የሚሠራውንም ሰው መጥራት ስጀምር ነው። የእኚሁ አባት ባለቤት መጡ። «ያለ ቅቤ ዶሮ? እሱማ ምኑን ዶሮ ሆነ ልጄ!» ብለው ሳቁብኝ። ቁሌቱን እንዴት እንደሚሠሩ ጠየቅኳቸው።

«እናቴማ ሽንኩርቱን በደረቁ ነበር የምታቁላላው፣ ውሃ ጠብ እያደረገች። እኔ ነኝ ቶሎ እንዲደርስልኝ ዘይት የምደፋበት።»

መፍትሔው እናታቸው ቤት ነበር ለካ። በርበሬው ሲገባ ብቻ ዘይት በማንኪያ ተለክቶ እንዲጨመር ተስማማን። የቅቤውን ነገር የፈቱት ግን ራሳቸው ናቸው። ቅቤ ሲነጠር የሚገባውን ኮሰረትና ኮረሪማ ወጡ ውስጥ ጨመሩት። ባልየው በቀጣዩ ቀጠሮ «ቅቤ ደብቀሽ ጨምረሻል ብዬ ተጣላኋት» አሉኝ።

ያልቻልኩት በዓልን ነው። ሁለት ወር የተያዘው በፋሲካ ሳምንት ይፈርሳል። «በሞቴ» ተብሎ ለመጣ ጉርሻ አፉን የሚዘጋ ማን አለ? ከበዓሉ በኋላ አንዲት እናት ክብደታቸው ጨምሮ መጡና ተቆጣኋቸው። በሰው ፊት ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በቀጠሯቸው ቀን ቀሩ። ስልካቸው ካርዳቸው ላይ አለ፤ ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ።